አንድ ኪሎ ዳቦ

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ዱቄት ይዞ መሄድ ብርቅ አይደለም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ምጥን፤ ያልተሸከመ የለም። እኔ ዘንድሮ በተገላቢጦሽ መጣሁ። ከቨርጂኒያ ወደ ሱሉልታ፣ አንድ ኪሎ የሚሆን ዱቄት ይዤ።

ቦሌ ላይ ፈታሿ ልጅ የእንጨት ሳጥኑን ከፍታ ከረጢቱን በእጇ መዘን አደረገችው።

«ምንድን ነው?»

«አመድ።»

«የምን አመድ?»

«የውሻዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። «ነፍስ ይማር» ለውሻ ይባል አይባል ግራ የገባት መሰለኝ። «በቃ እለፍ» አለችኝ።

ስሙ ዳቦ ነው። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከሚጠለሉበት ሼልተር ሳመጣው ቀለሙ ልክ የድፎ ዳቦ ጀርባ ነበር። ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቼ ጠዋት ስገባ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ትዳር ገብቼ ስወጣ ነበር። ዜግነት ስወስድም ነበር። የአባቴን መርዶ በስልክ ስሰማ እግሬ ሥር ተኝቶ ነበር። «ለውሻ ነው እንዲህ የሆንከው?» ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም። ብዙ ሰው ብሎኛል።

ኩላሊቱ ደከመና በመርፌ እንዲያርፍ ተወሰነ። ከመርፌው በፊት ግን ፎርም አለ። ለብቻው ይቃጠል ወይስ ከሌሎች ጋር? ከሌሎች ጋር ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል፤ አመዱ ግን አይመለስም። የመዳፉ አሻራ በሸክላ ይወሰድ? ከፀጉሩ ትንሽ ይቆረጥ? ሳጥኑስ ከምን ይሁን? ዳቦ ጭኔ ላይ ራሱን ጥሎ ያቃስታል፣ እኔ ሜኑ እንደያዘ ሰው እመርጣለሁ።

የእንግዳ መቀበያዋ ሴትዮ በአውሮፕላን ልወስደው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት የእንጨቱን አስመረጠችኝ። ብረት ከሆነ የኤርፖርቱ ራጅ ውስጡን አያሳይም፤ ካልታየ ደግሞ አያሳልፉም። እዚያ ሀገር ፈታሾቹ ለሟች ክብር ሲሉ ራሳቸው አይከፍቱትም። (ቦሌ ይከፈታል፣ እንዳያችሁት።)

እኛ አመድ ሲባል የሚታየን የምድጃው ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። እቶኑ ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ይደርሳል። ሥጋው እንዳለ ይሄዳል፤ የሚቀረው አጥንት ነው። እሱ ከቀዘቀዘ በኋላ በማሽን ይፈጫል። ስለዚህ ወደ ቤትህ የሚመለሰው የተፈጨ አጥንት ነው፤ ነጣ ያለ፣ በጣት ሲነኩት እንደ አሸዋ የሚሻክር። ከ31 ኪሎ ውሻ አንድ ኪሎ ገደማ። ከሌላ እንዳይቀላቀል ደግሞ ቁጥር ያላት ክብ ብረት አብራው እሳት ገብታ አብራው ትወጣለች። ከአሥር ቀን በኋላ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የፈለግኋት እሷን ነው። ጠቁራለች፤ ቁጥሯ ግን ይነበባል።

ከሳጥኑ ጋር የምስክር ወረቀትም ይሰጣል። ጣጣው የመጣው በሱ ነው።

እናቴ ሱሉልታ ነው የምትኖረው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥተህ፣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አልፈህ ስትወርድ ብርዱ እዚያው ይቀበልሃል። በልጅነቴ ሜዳውን የሞላው ከብት ነበር፤ አሁን ብሎኬትና ቆርቆሮ አጥር ነው። ጅቡ ግን አልለቀቀም።

ሳጥኑን ያወጣሁት ቡና ላይ ነበር። ጊዜ መምረጥ አልችልበትም። እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ውሻ? ተቃጥሎ? እቤቴ?» አማተበች። «ሰው እንኳ አይቃጠልም!»

ስንት እንዳወጣሁ ጠየቀችኝ። ዋሸኋት። ዶላርን በብር የማታባዛ እናት የለችም። ወሬ ለማስቀየር ወረቀቱን አነበብኩላት፤ ይኼ የባሰ ሆነ። «ዳቦ ደምሴ» ይላል። ደምሴ አባቴ ነው። አሜሪካ ክሊኒክ ውሻን የሚመዘግበው በባለቤቱ የቤተሰብ ስም ነው፤ የኔ የቤተሰብ ስም ደግሞ ያው የአባቴ ስም። ተራችን ደርሶ «ዳቦ ደምሴ!» ሲባል ሁለታችንም ነበር ብድግ የምንለው።

እማዬ ዝም ብላ አየችኝ።

«ደምሴ መቼ ነው ውሻ የወለደው?»

ትንሽ ቆይታ ሳቋ አመለጣት። በነጠላዋ አፏን ሸፍና እስክታነባ ሳቀች። «ለነገሩ ጃንሆይስ ውሻቸውን ሉሉን ይዘው ይዞሩ አልነበር» አለችና ሁለተኛውን ቀዳች።

በማግስቱ ዶማውን ያወጣችው ራሷ ናት። ቦታውንም እሷ መረጠች። «ጎመኔ አጠገብ እንዳታደርገው!» አለች። እሷ ተጸይፋ ነው፤ ግን ልክ ናት። የምድጃ አመድ ለጓሮ ይበተናል፤ የአጥንት አመድ ግን ጨው ስለሚበዛበት እንዲሁ ሥር ላይ ቢደፋ ተክል ያደርቃል። በብዙ አፈር መለወስ አለበት። አጥሩ ጥግ፣ ከጽዱ ራቅ ብዬ መቆፈር ጀመርኩ።

«ምነው እንዲህ አጠለቅከው?»

«ጅብ እንዳያወጣው።»

«ጅብ አመድ ምን ያደርግለታል?» አለች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ቡቺን አስታውሰህ ነው አይደል?»

ቡቺ ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ እግሩን በገመድ አስሮ እየጎተተ ወስዶ ከሜዳው ማዶ ጎርፍ የቦረቦረው ጉድባ ውስጥ ጣለው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ እየተንገጫገጨ ሲሄድ ከኋላ ተከትዬ አይቻለሁ። ማታ ጅቦቹ ሲጮኹ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጆሮዬን ይዤ አደርኩ። አባቴን ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ከዚያ በኋላም እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሳንም።

«ያን ለታ እኮ ማታ ወጥቶ ነበር» አለች እማዬ። «ስታለቅስ ሰምቶህ። ባትሪውን ይዞ፣ ሄጄ ድንጋይ ልከምርበት ብሎ።»

«ከዚያስ?»

«ቀድመውታል።»

ዶማውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እማዬ ቁልቁል ጉድጓዱን እያየች፣ «ላንተ አልነግርም አለ። ምን ብዬ ልንገረው አለኝ።»

ከረጢቱን ፈታሁት። ነፋስ ስለነበር ጎንበስ ብዬ መሬት አስጠግቼ ነው ያፈሰስኩት፤ ትንሽ ጫማዬ ላይ ቀረ። በአፈር ለወስኩት፣ ደፈንኩት። ክቧን ብረት ቁልፌ ላይ አድርጌያታለሁ። እማዬ ከአጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እያንከባለለች አመጣች። ጅብ አመድ አይበላም ያለችው እሷ ናት፤ ግን ምንም አላልኳትም፤ ባንድ በኩል ያዝኩላት።

እጃችንን ታጥበን ገባን። ወረቀቱ ረከቦቱ ላይ እንደተቀመጠ አድሯል። ልጣለው ብዬ አነሳሁት።

«አምጣው ወዲህ» አለችኝ። «የደምሴ ስም ያለበት ወረቀት አይጣልም።»

አራት ቦታ አጥፋ፣ የቤቱ ካርታና የእድሩ ደብተር ያሉበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው።