ፎራሚኒፌራ ስትመድቡ አታስነጥሱ

ዛሬ ያንን የመሰለ ፒርጎ (ከፎራሚኒፌራ፣ ማለትም ዛጎል ካላቸው ባለ አንድ ሴል ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት፣ አንዱ ዓይነት) አፉን ወደ ላይ ገልብጬ ጥርሱን ላይ ስል አስነጠሰኝ። ሄደ። ጥርስ ስላችሁ የእውነት ነው፤ ፒርጎን ጨምሮ ሚሊዮሊድ የሚባሉት የአፋቸው መክፈቻ ላይ ትንሽ ጥርስ አላቸው፣ ስትመድቡም ይጠቅማል፤ ካልበረረ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ደለሉን በ63 ማይክሮን ወንፊት ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ጥቁር ትሪ ላይ ሳሳ አድርጎ በትኖ በ000 ቁጥር ብሩሽ አንድ በአንድ ማንሳት። የብሩሹ ጫፍ ውሃ ከበዛበት ሦስት አራቱ ተጣብቀው ይመጣሉ። ከደረቀ ደግሞ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይይዘውና ዛጎሉ ተስፈንጥሮ የት እንደገባ አይታወቅም። የሚስፈነጠረውም ሁሌ ከናሙናው አንድ ለእናቱ የሆነው ነው፤ ስብርባሪውማ ንቅንቅ አይልም።

ከተያዘ በኋላ ቅርጹን አትመኑት። ቴክስቱላሪያና ቦሊቪና የሚባሉት ዓይነቶች የዛጎላቸውን ክፍሎች ግራና ቀኝ እያፈራረቁ በሁለት ረድፍ ይደረድራሉ፣ ለጀማሪ መንታ ናቸው። ግድግዳቸው ግን ለየቅል ነው። ቴክስቱላሪያ ከባሕር ወለል የለቀመውን ቅንጣት አጣብቆ የሚገነባ ነው፤ ቦሊቪና ራሱ ባመነጨው ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን)፣ ብርሃን በሚያሳልፍና በጥቃቅን ቀዳዳዎች በተበሳ ግድግዳ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳ፣ ቀጥሎ የክፍሎቹ አደራደር፣ ከዚያ አፍ።

ሚሊዮሊዶች እንደ ሲኒ ነጭ ናቸው፤ የካልሳይት መርፌዎቻቸው በየአቅጣጫው ስለተዘበራረቁ ብርሃኑን ይበትኑታል። እነሱ ላይ ቆጠራ ነው፦ ከውጭ አምስት ክፍል ከታየ ኩዊንኬሎኩሊና፣ ሦስት ከሆነ ትሪሎኩሊና፣ ሁለት ከሆነ ፒርጎ። ታዲያ ቅሪተ አካል ተንኮለኛ ነው። ካልሳይቱ ተቀብሮ እንደገና ሲፈጠር እንደ ቦሊቪና ያለው መስታወት መሳዩም ይደበዝዝና ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያኔ ጠብታ ውሃ አርጉበት፤ ብዙ ጊዜ የውስጥ ግድግዳዎቹ ብቅ ይላሉ። የተሰበረ ጠርዝ ካለም ቀዳዳ ፈልጉበት።

ግራ የገባው ሰው ወደ ቀጭን አሲድ ያያል። ካልሳይት ከሆነ ይሟሟል፣ እሺ። ግን አንዳንዱ ቅንጣት ለቃሚም ሲሚንቶው ካልሳይት ስለሆነ አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ ሌላ የሌለውን ናሙና አሲድ ውስጥ የነከረ ሰው ስሙንም ዛጎሉንም ያጣል።

ለነገሩ ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዶርቢኚ እንኳ በ1826 እ.ኤ.አ. ጠመዝማዛቸውን አይቶ ከኦክቶፐስ ወገን መድቧቸው ነበር። ባለ አንድ ሴል መሆናቸውን በ1835 የአገሩ ልጅ ተመራማሪው ዱዣርዳን ያሳየው፣ ዛጎሉን ትቶ በሕይወት ያሉትን ስላየ ነው።