በ3ዲ የታተመ ብረት እሳት ላይ እንዲቆይልኝ የለፋሁት

ሥራው መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። በሌዘር የታተመ ኢንኮኔል 718 የሚባል ሙቀት የሚቋቋም ውህድ ብረት ወስዶ 650 ዲግሪ ላይ ማሞቅ፣ ክብደት ማንጠልጠል፣ እስኪበጠስ መጠበቅ። ክሪፕ የሚባለው ይኸው ነው። ብረቱ በቀዝቃዛው ያለ ችግር የሚሸከመውን ጭነት፣ ሲግል ግን ቀስ እያለ ይሳብበታል። (ብረት የምለው ለአነጋገር እንዲመቸኝ ነው እንጂ ከግማሽ በላዩ ኒኬል ነው።)

በማተም ሳይሆን በመቀጥቀጥ ለተሠራው 718 የተለመደውን የሙቀት አሠራር እንዳለ ወሰድኩ። 980 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት፣ ከዚያ 720 ላይ 8 ሰዓት፣ ቀጥሎ 620 ላይ 8 ሰዓት። ናሙናዎቹ ካሰብኩት በጣም ቀድመው ተበጠሱ። ያስደነገጠኝ ደግሞ ብዙም ሳይሳቡ ቀጭ ማለታቸው ነው።

አንዱን ቆርጬ፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ ፈትጌ፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስር አስገባሁት። ብረቱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ድንበር ላይ መርፌ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ተሰድረዋል፤ ስንጥቁም እነሱን ይዞ ነው የሄደው። ዴልታ የሚባለው የኒኬልና የኒዮቢየም (በውስጡ ያለ ሌላ የብረት ዓይነት) ውህድ ነው። ሌዘር ያቀለጠው ብረት በቅጽበት ስለሚረጋ ኒዮቢየሙ እኩል አይዳረስም፣ መጨረሻ ላይ የሚረጋው ቦታ ይከማቻል፤ 980 ዲግሪ ደግሞ ክምችቱን መበተን ቀርቶ ለዴልታ ማደጊያ ነው የሚሆነው። ብረቱን የሚያጠነክሩት ረቂቅ ቅንጣቶችም የሚሠሩት ከዚሁ ኒዮቢየም ስለሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በአርጎን ጋዝ ግፊት ውስጥ አሙቄ የተረፉትን ቀዳዳዎች ዘጋሁ። ከዚያ 980ውን ትቼ ወደ 1100 ወጣሁ። መርፌዎቹ ጠፉ፣ ክሪስታሎቹም ተለቅ አሉ፤ ድንበር ሲቀንስ መንሸራተቻው ይቀንሳልና ናሙናዎቹ በግልጽ ረዘም ያለ ጊዜ ቆዩ። ዋጋ አለው ግን። ክሪስታል ሲተልቅ ተደጋጋሚ ጫና የመቋቋም አቅም ይወርዳል፤ ለየትኛው ክፍል እንደሚሠራ ሳያውቁ ሙቀት መምረጥ አይቻልም።

አንድ ወር የበላብኝ ሌላ ነገር ነው። እንደታተመ ሳለ ክሪስታሎቹ እንደ ምሰሶ ወደ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ቆሞ የታተመ ናሙና ተኝቶ ከታተመው ይሻላል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱን ምልክት ሳላደርግ ቀላቅያቸው ነበር። አሁን ከማተሚያው ሳይወርድ እያንዳንዱ ናሙና ጫፍ ላይ ቀስት እቀርጻለሁ።