ያነክስ የነበረው ፈረሳችን እንዴት አገገመ

አዊ ውስጥ ፈረስ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ጥር 23ን፣ የፈረሰኞችን በዓል ያስባል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ትውልድ ጋልቦበታል! የአባቴ ፈረስ ዳማ ግን ለበዓሉ ልምምድ ላይ ጉግስ መሃል ድንገት ሲዞር የፊት ግራ እግሩን ተጎዳና ማነከስ ጀመረ።

መጀመሪያ የመጣው ምክር "ይተኮስ" የሚል ነበር። ለሚያነክስ ፈረስ ብረት አግሎ እግሩን መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። እኔ እንቢ አልኩ። ያበጠ እግር ላይ ቃጠሎ መጨመር ምን ይረባዋል? መጀመሪያ ሐኪም ይየው ብዬ ድርቅ አልኩ።

የእንስሳት ሐኪሙ እግሩን ከመንካቱ በፊት ደረቅ ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ እንድስበው አደረገና ጭንቅላቱን አየ። ፈረስ አንዱን የፊት እግር ሲያመው፣ የታመመው መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ ደህነኛው ሲያርፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ሰኮናውን ዙሪያውን በመቆንጠጫ ጫን ጫን አደረገው። ውስጡ መግል ቢቋጥር ኖሮ እግሩን ይነጥቀው ነበር፣ ዝም አለ። መጨረሻ ላይ ከጉልበቱ በታች በስተኋላ ያለውን ጅማት በሁለት ጣቱ ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ዳማ ዘለለ። ሐኪሙ እጄን ይዞ ቦታውን አስነካኝ፣ ቀጥሎ ደህነኛውን እግር። አንዱ ቀጭንና ቀዝቃዛ ነው፣ ሌላው አብጦ ይፋጃል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሁለቱን እግር እያወዳደርኩ እዳስሳለሁ።

ሰኮናውም ወደፊት ረዝሞ ስለነበር ከረከመው። የረዘመ ሰኮና በእያንዳንዱ እርምጃ ያንኑ ጅማት ይወጥረዋል። የፈረስ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው የፊት እግሮቹ ላይ ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፌኒልቡታዞን የተባለ ማስታገሻ ለጥቂት ቀን ብቻ አዘዘ። ሲበዛ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ደግሞ ሕመሙ ሲደበዝዝለት ፈረሱ የዳነ መስሎት ይሮጣል።

የቀረው የኛ ሥራ ነበር። በቀን ሁለት ሦስቴ ለ20 ደቂቃ ያህል ወንዝ ውስጥ ማቆም። በጥጥ ደልድሎ በፋሻ መጠቅለል፣ ደህነኛውንም እግር ጭምር፣ ምክንያቱም ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ዞሯል። ገብስ መቀነስና ድርቆሽ ማብዛት፣ ሥራ የፈታ ፈረስ እህል ከበዛበት ሆዱንም ሰኮናውንም ያመዋልና።

እብጠቱ ሲጎድል በእጅ እየሳብኩ ማራመድ ጀመርኩ። ሜዳ ላይ፣ ጭቃና ቁልቁለት በሌለበት፣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ በሳምንቱ ሌላ አምስት እየጨመርኩ። ማግስቱን ጅማቱ ሞቅ ካለብኝ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ቆም ሲል አልጎትተውም። ትከሻውን እያከኩለት አወራዋለሁ፣ ራሱ ሲፈልግ ይነሳል። መጀመሪያ እግሩን ለማንሳት ስጎነበስ የሚሸሸኝ ፈረስ በኋላ ገና ስቀርብ እግሩን ያቀብለኝ ጀመር፣ ይሄ ለኔ ከሁሉ ይበልጣል።

ሐኪሙ ከጅምሩ አባቴን "አባቴ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ፈረሱ ደህና ሲመስልዎት ነው" ብሎት ነበር። እውነቱን ነው። ማነከሱ ካቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ከባዱ። ፈረሱ ይፈነጫል፣ ጎረቤቱ "ምን ታስሩታላችሁ፣ ድኗል እኮ" ይላል፣ በዓሉም እየቀረበ ነው። ጅማት ግን ለመጠገን ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ይፈጅበታል፣ ጠባሳውም እንደ ድሮው አይለጠጥም። ስለዚህ የዚያ ዓመት ጥር 23 ዳማ ጋጣው ዋለ። አባቴ አዘነ፣ ግን አልተከራከረም።

በቀጣዩ ዓመት ኮርቻ ተጭኖለት በእርምጃና በሶምሶማ ወጣ። ጉግስ ግን አናስገባውም። ያ ድንገተኛ መዞርና መቆም ለዚህ እግር አይሆንም፣ አባቴም ለጉግስ ሌላ ፈረስ እየገራ ነው።