ከጥቁር ውኃ እስከ ታቦር አናት፣ ሐይቁን ዳር ዳር

ሐዋሳን አየሁ የሚል እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ያየው አንድ ቦታ ነው። ከመኪና ወርዶ ባጃጅ ይይዛል፣ ገብርኤልን ይሳለማል፣ በሰፊው አስፋልት ቁልቁል ሄዶ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ይቀመጣል፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ፎቶውን ተነሥቶ ይመለሳል። ክፋት የለውም። እኔም የፈተና ወረቀት ሳርም ውዬ ዓይኔ ሲደክም የምሄደው እዚያው ነው። ነገር ግን የሐዋሳ ሐይቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያውቁት ሐይቅ አይደለም። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንጀራውን እንደሚያገኝበት፣ ምን እንደሚደፋበት ማየት የሚፈልግ ሰው የጫማውን ክር አጥብቆ ዳር ዳሩን መሄድ አለበት። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ይህንን ለተማሪዎቼ ሳልነግር ያለፍኩበት ዓመት የለም።

ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የእህቴ ልጅ ከአዳማ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ጠያቂ ናት። "ጋሼ፣ ሐይቁን አሳየኝ" ስትለኝ፣ "አሳይሻለሁ፤ ግን ውኃው ከሚገባበት ነው የምንጀምረው" አልኳት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጥቁር ውኃ ድልድይ ደረስን።

ጥቁር ውኃ ከሻሸመኔ ሲመጡ ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ወንዝ ነው። መኪናው በፍጥነት ስለሚያልፈው ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ግን እሱ ብቻ ነው። በምሥራቅ በኩል ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች መጀመሪያ ጨለለቃ ረግረግ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ተጣርተው በጥቁር ውኃ በኩል ወደ ሐይቁ ይመጣሉ። ጨለለቃ ራሱ ከሃምሳ ዓመት በፊት የራሱ ውኃ የሚታይ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ሣርና ደንገል የበቀለበት፣ ከብት የሚግጥበት ረግረግ ሆኗል። ከላይ ያለው ደን ሲመነጠር አፈሩ ታጥቦ ሞላው። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ በዚያ ጠዋት ወተት የበዛበት ቡና መስሎ ነበር የሚወርደው። ልጅቷ ድልድዩ ላይ ቆማ "ይኼ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ይገባል?" አለችኝ። ይገባል።

"ከዚያስ በየት ይወጣል?"

አይወጣም። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና "እንደ አዋሽ ነዋ! አዋሽም ባሕር አይደርስም" አለች። ደስ አለኝ። አዋሽ ከአዳማ አጠገብ አልፎ አፋርን አቋርጦ በመጨረሻ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ አዳማ ያደገ ልጅ ይህን ማወቁ ተገቢ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ፀሐይ ውኃውን እያተነነች ጨውን ስለምትተውበት ይመርራል፤ ከዚሁ በስተሰሜን ያሉት ሻላና አቢያታ እንደዚያ ናቸው። ሐዋሳ ግን ዓሣ የሚራባበት፣ ከብት የሚጠጣው ውኃ ነው። ምክንያቱ ከሥሩ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ስለሆነ ውኃው በመሬት ውስጥ ቀስ እያለ መስረጉ ነው። ጨዉ አብሮት ይሄዳል። ደለሉና ፕላስቲኩ ግን በድንጋይ ስንጥቅ አያልፉም፤ እዚያው ይቀራሉ።

ከድልድዩ ወደ ወንዙ አፍ ያለውን መንገድ የሄድነው የአካባቢውን አንድ ከብት ጠባቂ ወጣት ይዘን ነው። ይህን የማደርገው በጉማሬ ምክንያት ነው። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላሉ፣ ማታ ለግጦሽ ይወጣሉ፤ የሚመላለሱበትን መንገድ የሚያውቀው እዚያ ያደገ ሰው ነው። እኛ ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን ብቻ ከሩቅ አየን። ፊላው ውስጥ ግን ወፉ ብዙ ነበር። ጥቁርና ነጭ የሆነችው ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች አንድ ቦታ ቆማ ትቆይና እንደ ተወረወረ ድንጋይ ትወርዳለች። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ልትቀርጻት ሞከረች፣ ወፏ ቀደመቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ያናድደኛል፤ ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ። ሐይቁን በግራም በቀኝም ሳይለቁ መሄድ አይቻልም። አጥር ይመጣል፤ ወደ አስፋልት ትወጣለህ፣ ዙረህ ትመለሳለህ፣ ትንሽ ሄደህ ሌላ አጥር። ሆቴልና መዝናኛ መኖሩን አልጠላም፤ ለከተማው ልጆች ሥራ ነው፣ ዛፉንም ብዙዎቹ ጠብቀውታል። ነገር ግን ከአጥሩና ከውኃው መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ መተው ምን ያህል ይከብዳል? አንዱ በር ላይ ዘበኛው በትሕትና "አባባ፣ በዚህ አያሳልፍም" አለኝ። እሱ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የኮሪደር ልማቱ ከተማውን በሚነካካበት በዚህ ጊዜ ከጥቁር ውኃ እስከ ታቦር ተራራ ያልተቆረጠ የእግር መንገድ ይታሰብ ብዬ እለምናለሁ። ሐይቁን በየቀኑ የሚረግጠው ሰው ይጠብቀዋል።

ፍቅር ሐይቅን ቶሎ አለፍነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሚቀመጡበት ያ ረጅም የድንጋይ ክምር ለመዝናኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ከፍ ብሎ ከተማውን ሲያሰጋ ጎርፉን ለመመከት የታሰረ ግድብ ነው። በዚያ ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ዳር ያሉት ሰዎች ዕቃቸውን በጋሪ ሲያወጡ ትዝ ይለኛል።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስንደርስ ፀሐይዋ ጠንክራለች፣ ገበያው ግን ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ሌሊት መረብ የጣሉት ጀልባዎች ጠዋት ይመለሳሉ፤ የቻለ ሰው ከሦስት ሰዓት በፊት ይድረስ። ጀልባዎቹ ቀለም የተቀቡ እንጨቶች ናቸው፤ ሁለትና ሦስት ሰው መረቡን እየጎተተ ዓሣውን አንድ በአንድ ያላቅቃል። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፣ አምባዛም አለ፣ ቢልጫም አልፎ አልፎ። ከዛፎቹ ሥር የተቀመጡት ልጆች ቆሮሶውን ቅርፊቱን ገፍተው ፊሌቶ ሲያወጡ እጃቸው አይታይም። እናቶች በትልቅ ብረት ድስት ሾርባ ይዘዋል፤ ጥብሱ ሙሉውን ዓሣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ በዳጣ ይቀርባል። የእህቴ ልጅ ዳጣውን በሙሉ ጣት ጠቅሳ ዕንባዋ መጣ፤ ግን አላቆመችም።

አንድ ሽማግሌ አጥማጅ መረብ ሲጠግኑ አጠገባቸው ተቀመጥን። "ዱሮ ቆሮሶ ይኼን ታህል ነበር" ብለው ከእጃቸው አንጓ እስከ ክርናቸው አሳዩን። "አሁን የመረቡ ዓይን ጠበበ፤ ልጁንም እናቱንም አብረን እናወጣለን። ልጄ፣ ዘር የበላ ገበሬ ምን ያጭዳል?" አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቅ ይመስላል፣ ግን ዳሩ ላይ ቆሞ ለዚህ ሁሉ ጀልባ ሲያካፍሉት ጠባብ ነው።

የተጣለውን የዓሣ አንጀት የሚለቅሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ናቸው። ቁመታቸው ሕፃን ልጅ ያህላል፣ ራሳቸው መላጣ ነው፣ ጉሮሯቸው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሰው አስቀያሚ ይላቸዋል፤ እኔ አከብራቸዋለሁ። እነሱ ባይኖሩ ያ ዳርቻ እስከ እኩለ ቀን ይሸት ነበር። እግራቸው ነጭ የሚመስለው ለማቀዝቀዝ ኩሳቸውን ስለሚለቁበት ነው፤ የቆዳው ቀለም ጥቁር ነው። ራሳቸው መላጣ የሆነውም ጥንብ ውስጥ ሲገቡ ላባቸው እንዳይቆሽሽ ነው። ከላይ ዋርካው ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። ጦጣዎቹ ግን አያዩም፣ ይነጥቃሉ፤ ሙዝ የያዘ ሰው ይጠንቀቅ።

ጉዱማሌን በጎን አለፍነው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት ሜዳ ነው፤ በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በዓሉ በሌለበት ቀን ጸጥ ያለ ሜዳ ነው፤ በዓሉ ሲደርስ ግን እዚያ መቆም ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ታቦርን የወጣነው ቀትር ሳይሆን ነው። ረጅም ተራራ አይደለም፤ ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ኮረቱ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ይታያል፤ ጠዋት የቆምንበት የወንዝ አፍም በሰሜን በኩል ቡናማ ምላስ ሆኖ ውኃው ውስጥ ገብቶ አየነው። እዚህ ላይ ልጅቷን አስቀምጬ ያስተማርኳት ትምህርት ክፍል ውስጥ በአንድ ወር የማስተምረው ነው። በምሥራቅ ያለው የወንዶ ገነት ገደል፣ በምዕራብ ያለው ኮረብታ፣ በደቡብ ያለው ከፍታ ሁሉ የአንድ ግድግዳ ቁራጭ ናቸው። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ትልቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሆዱን ካወጣ በኋላ ጣሪያው ወደ ውስጥ ተናደ፤ ሐይቁም፣ ከተማውም፣ ጨለለቃም ያሉት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውኃው የማይወጣው ለዚህ ነው።

"ታዲያ እሳቱ ጠፍቷል?" አለች። በሰሜን ምዕራብ በኩል ጠቆምኳት። ኮርቤቲ የሚባለው እሳተ ገሞራ እዚያ ነው፤ ጨቢ የሚባለው ተራራ ጥቁር መስታወት የመሰለ ድንጋይ ያፈሰሰበት። በሳተላይት የሚለኩት ባለሙያዎች ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሬቱ በየዓመቱ በሴንቲ ሜትሮች ከፍ ሲል አይተዋል። ፊቷ ሲለወጥ አይቼ ይህ ማለት ነገ ይፈነዳል ማለት እንዳልሆነ አስረዳኋት፤ ግን አልዋሸኋትም፣ ከሥራችን ያለው ነገር ሕያው ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በክረምት የጥቁር ውኃ ዳር ጭቃ ነው። ጠዋት ሐይቁ ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ጀልባ የሚያምራችሁ ከሆነ በጠዋቱ ጨርሱ። ወንዙ አፍ ላይ ያለ አካባቢው ሰው አትሂዱ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትሂዱ። ለዓሣውና ለአስጎብኚው ልጅ ዝርዝር ብር ያዙ። የውኃ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ከታቦር ወርዳችሁ ባጃጅ እስክታገኙ አሥር ደቂቃ ያህል ነው።