የደብራችንን ጥላ ጠገንኩ፤ ገበሩን ግን በላሁት

ከተራ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የደብራችን ትልቁ ጥላ እጀታው ላይ ተሰበረ። ዘንጉ ወይራ ነው። ቄሰ ገበዙ «ከጣሊያን በፊት የነበረ ነው» ይሉታል። ከፋዩና ገበሩ በየጊዜው ተቀይረዋል፤ ዘንጉ ግን ያው ነው፣ በእጅ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። የተሰበረው ድሮ አንዱ ሊጠግን ብሎ ሚስማር የመታበት ቦታ ላይ ነው። ሚስማሩ ዝጎ እንጨቱን ሰንጥቆታል።

ሁሉም «የብረት ቱቦ አስገባበት» አለኝ። እምቢ አልኩ፤ ዛሬም እምቢ እላለሁ። ሰበካ ጉባኤው ደግሞ «በደብዳቤ ጠይቅ» አለኝ። ለአንድ እጀታ! ማኅተም እስኪመታበት ዘጠኝ ቀን ሄደ። ያስቸኮሉኝ እነሱ ናቸው። ሱፐር ግሉውን የገዛሁት ግን እኔ ነኝ።

ቱቦው ላይ «በ10 ሰከንድ ይይዛል» ይላል። እውነት ነው፣ ያዘ። አጣሞ ያዘ። የተረፈው ተንጠባጥቦ ከታጠፈው ጥላ ጫፍ ላይ አረፈ። በጥጥ ጨርቅ ልጠርግ ስል ጨርቁ እጄ ላይ ጋለ፣ ጭስ ወጣው፣ ሁለት ጣቴን ጠበሰኝ። ሱፐር ግሉና ጥጥ ሲገናኙ እንደሚያቃጥሉ ማንም አልነገረኝም። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሰፈር ካለች ውበት ሳሎን አሴቶን ለምኜ መጣሁ። ኮላው ለቀቀ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ገበሩን አየሁት። ሐር መስሎኝ ነበር፤ ለካ አሲቴት የሚሉት ጨርቅ ነው፣ አሴቶን ደግሞ እሱን ያሟሟዋል። መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ፣ ዳሩ እንደ ጧፍ ቀልጦ የተኮማተረ።

ለአባ አሳየኋቸው። ጣታቸውን በቀዳዳው አሾልከው አዩኝ። ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ የሠራልኝ ዘዴ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ከፋዩንና ገበሩን ከነሽቦው አወለቅኩ። ይህን በመጀመሪያው ቀን አድርጌው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ሚስማሩን ነቀልኩ። ሁለቱን ጫፎች ሰያፍ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ዘንጉ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስለሚወፍር ሰያፉ ስምንት እጥፉ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ በጣም ያጠረ ሰያፍ አጥብቆ አይዝም፣ አናጺ ቢምልላችሁም አትመኑት። ወይራ ቅባት ስላለው በአልኮል ጠረግኩት። ነጩን የእንጨት ኮላ ቀብቼ አንድ ሙሉ ቀን በሞርሳ አሰርኩት። በመጨረሻ እርጥብ ጠፍር ጠመጠምኩበት። ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ አጥብቆም ይይዛል።

ዘንጉ አንድ ስንዝር አጠረ። የሚይዘው ዲያቆን እጁን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነበት፤ ይቅር ይበለኝ።

ገበሩ ላይ የተጣፈው ቁራጭ ከውጭ አይታይም። የሚያየው ከሥሩ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። በከተራ ዕለት እኔ ከኋላ፣ ከሩቅ ተከተልኩ።