የዜሮ ዜሮ መኪናዬ ጥቃቅን ጉድለቶች

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር በናፍጣ የሚሠራ አዲስ የመስክ መኪና ገዛሁ። በዚያው ዓመት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከመከልከሉ በፊት ከገቡት አንዱ ስለነበር በሻጩ ግቢ ውስጥ ወራት ቆሞ ቆይቷል፤ ቢሆንም ቆጣሪው ገና ሁለት አኃዝ ላይ ነበር፣ የወንበሮቹም ላስቲክ አልተነሣም። በእኛ አነጋገር ዜሮ ዜሮ ነው። አሮጌ መኪና ስገዛ ሥሩ ተንበርክኬ የማየው እኔ፣ ይህን ግን አንድም ጊዜ ኮፈኑን በቅጡ ሳልመረምር ፈርሜ ወደ አራት ኪሎ ይዤው ሄድኩ።

መጀመሪያ ጉድለቱን ያሳየኝ አቧራ ነው። በዚያ ሰሞን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ለኮሪደር ልማት ተቆፍሮ ነበርና መኪናው ቀኑን ሙሉ በአቧራ ውስጥ ይውላል። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ጎን የሚከፈተውን የኋላ በር ስከፍት በደፉ ላይ፣ ከጎማ ማሸጊያው ወዲህ፣ በግራ በኩል ብቻ የተሰመረች ቀጭን ቡናማ መስመር አየሁ። የቀኙ ደፍ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር። አቧራ በገባበት ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ ሰኔ ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

ማሸጊያውን የፈተንኩት በአሥር ብር ኖት ነው። ኖቱን በደፉ ላይ አድርጌ በሩን እዘጋና ቀስ ብዬ እጎትታለሁ፤ በቀኝ በኩል እየታገለ ሲወጣ በግራ በኩል ከፖስታ እንደሚመዘዝ ደብዳቤ ሾልኮ መጣ። ስለዚህ ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ በሩ በመዝጊያው በኩል ወደ ውስጥ በደንብ አልተሳበም ማለት ነው። በሩ ሲዘጋ ቁልፉ የሚነክሰው የብረት ቀለበት በሁለት ቡሎኖች የታሰረ ሲሆን ጥቂት መላወሻ አለው። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ፤ ይህን ያላደረገ ሰው ስህተት ቢሠራ መመለሻ የለውም። ከዚያም ቡሎኖቹን አላልቼ ቀለበቱን አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገፋሁና መልሼ አጠበቅሁ። በሩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ተለወጠ፤ ኖቱም በሁለቱም በኩል እኩል መታገል ጀመረ። በማግስቱ ላቫጆ ወስጄ እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ ከውስጥ ተቀመጥኩ፣ አጣቢው ደግሞ ውሃውን ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እንዲያወጣ ነገርኩት። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በሁሉም ቦታ ስለሚወርድ በየትኛው እንደገባ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ልጁ ሥራዬን ለቅቄ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

ከዚህ በኋላ ዓይኔ ተከፈተና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ያላቸውን፣ የድሮ መኪናዬን ለዓመታት የጠገኑልኝን አዛውንት መካኒክ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ጉድጓዱ ላይ አቁመን ከሥሩ ስንገባ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሳመራ ያዝ አደረጉኝና «ልጄ፣ ሞተሩን ተወው፣ እሱን ማሽን ነው የሠራው። አንተ ሰው በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያስገባውን ፈልግ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በኋላ የቆጠርኳቸው ጉድለቶች በሙሉ ማለት ይቻላል በመጨረሻው የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ሠራተኛ በእጁ የሚያስገባቸው ነገሮች ናቸው፤ የፕላስቲክ ክሊፖች፣ የሽቦ ማያያዣዎች፣ ቱቦዎችና መድፈኛዎች።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የኋላው ዲፍረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ባለ ጥርስ ክፍል፣ መተንፈሻ ቱቦ ነው። የጣት ያህል ቀጭን የጎማ ቱቦ ሲሆን ከዲፍረንሻሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጥቶ በአካሉ ላይ በክሊፕ መያዝ ነበረበት፤ የእኔው ግን ከክሊፑ ወጥቶ ጫፉ ከጎማው መሐል ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። «ጋሼ፣ ይህ ምን ይጎዳል?» ብዬ ስጠይቅ አዛውንቱ ሳቁ። ዲፍረንሻሉ በረጅም መንገድ ይግላል፣ በውስጡ ያለው አየርም ተለጥጦ በዚህ ቱቦ ይወጣል። የጋለው ብረት በቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲነከር ደግሞ አየሩ በቅጽበት ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። የቱቦው ጫፍ ከፍ ብሎ ከታሰረ የሚስበው አየር ነው፣ ወንዙ ውስጥ ከተንጠለጠለ ግን የሚስበው ውሃ ነው። ውሃ የገባበት ዘይት ሲቀዳ ማኪያቶ ይመስላል፤ ኩሽኔታውና ጥርሱ የሚበሉትም ያኔ ነው። በከተማ ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ጉድለት ምናልባት ፈጽሞ አያውቀውም። ማስተካከያው ግማሽ ደቂቃ ፈጀ፤ ቱቦውን ወደ ክሊፑ መልሰው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፣ ክሊፑም ቀጭ አለ።

በዚያው ቡሎኖቹ ላይ የተሰመረውን የቀለም ምልክት አሳዩኝ። ፋብሪካው ቡሎኑን በልኩ ካጠበቀ በኋላ ከቡሎኑ ወደ አካሉ የሚዘልቅ መስመር ይቀባል፤ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ላልቷል ማለት ነው። የእኔዎቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

የአንድ ድምፅ ምንጭ ለማግኘት ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። በአስፋልት ላይ ጸጥ ያለው መኪና ከሰፈራችን በስተጀርባ ካለው ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ከግራው የፊት በር ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። እየነዱ ማዳመጥ ከንቱ ነው፤ ወንድሜ እንዲነዳ አድርጌ እኔ ከኋላ ተንጠራርቼ የበሩን ልባስ በመዳፌ በየቦታው ስጫነው ድምፁ የሚጠፋበትን ነጥብ አገኘሁ። ልባሱን ሳነሣ የሽቦ ማያያዣው ከመያዣው ወጥቶ ብረቱን ይመታል፤ ከበሩ ሆድ ውስጥም ማንም ያልተጠቀመበት አንድ ጥቁር ክሊፕ ወድቆ ተገኘ። ማያያዣውን በወፍራም የጨርቅ ፕላስተር ጠቅልዬ ቦታው መለስኩት፣ ክሊፑን ኪሴ ከተትኩት። እግረ መንገዴንም ከበሩ ሥር ካሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አንዱ በፋብሪካው የዝገት መከላከያ ሰም ተደፍኖ ስላገኘሁት በጥርስ መፋቂያ ከፈትኩት።

የጎማውን ንፋስ መለካትም አይረሳ። ጅቡቲ ላይ በባሕር ጠለል የተነፋ ጎማ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ብቻ፣ ከ3 እስከ 4 ፒ ኤስ አይ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ለመርከብ ጉዞ ተብሎ ከልክ በላይ ሲነፋ ደግሞ የባሰ ይሆናል። የመኪናው መንዘር የአሞርተዛተር ችግር የመሰለኝ በዚህ ምክንያት ነበር።

በራሴ ያልነካኋቸውም አሉ። ቢጫ የሽቦ ማያያዣ ያለበት ቦታ የኤርባግ መስመር ነውና እጄን ሰብስቤያለሁ። የኮፈኑ ክፍተትም በቀኝና በግራ እኩል አልነበረም፤ የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነውና ካርዶችን ደራርቤ ስለካው በአንዱ በኩል አራት፣ በሌላው ስድስት ካርድ ገባ። ቀለም ሊላጥ የሚችልበትን ሥራ ዋስትና እያለኝ ለምን በራሴ ገንዘብ እሞክረዋለሁ? ካርዶቹ እንደገቡ ፎቶ አንሥቼ ቀን ከጻፍኩበት ደብዳቤ ጋር ለሻጩ አቀረብኩ። የተቀበለኝ ሠራተኛ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚመጣው» ቢለኝም ፎቶውን ካየ በኋላ በመጀመሪያው ሰርቪስ ጊዜ ለማስተካከል ተስማማ፤ የፊት መብራቴም አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ስለሚያበራ አብሮ እንዲታይልኝ አስመዘገብኩ።

ከሰርቪሱ በኋላ መኪናውን ስረከብ ኮፈኑ በሁለቱም በኩል አምስት ካርድ ይቀበል ነበር፣ መብራቱም ተስተካክሏል። ከልማዴ አልፌ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ተንበርክኬ ሥሩን ሳይ ግን ዘይት ሲቀይሩ ያነሡት የሞተሩ የታችኛው ሽፋን አንድ ክሊፕ ጎድሎታል። ሠራተኛው ዕቃ ክፍል ሊጠይቅ ሲነሣ «ቆይ» አልኩትና ከበሩ ሆድ ያገኘሁትን ጥቁር ክሊፕ ከኪሴ አውጥቼ ሞከርኩት። ልኩ ነበር።