«ተሰበረብኝ»

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ብርጭቆ ሰበርኩ። ደውዬ ያልኳት ግን «ብርጭቆሽ ተሰበረብኝ» ነው። ታላቄ ናት፤ ነገር አታሳልፍም። «ራሱ ተነስቶ ተሰበረ? ሰበርኩት በይ እንጂ!» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የላክኋቸውን መልእክቶች ወደ ኋላ እየሄድኩ አነበብኩ። ባትሪ አለቀብኝ። መሸብኝ። እንግዳ መጣብኝ። ፋይሉ ጠፋብኝ። አንድም ቦታ «ዘገየሁ» የሚል የለም። ወር ሙሉ እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ሁሉም እኔ ላይ ነው የተደረገው።

ይቺ «ብ» ትገርመኛለች። ልብስ ያሰጣ ሰው «ዘነበብኝ» ይላል፤ ዘር የዘራው ደግሞ «ዘነበልኝ»። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ ነው። «መጣልኝ» ብለን የምንቀበለው እንግዳም ሥራ በበዛበት ቀን ከደረሰ «መጣብኝ» ይሆናል። «ብ»ን እንኳ የማይፈልጉ ቃላት አሉ። አውቶቡስ «አመለጠኝ» እንላለን፤ እኔ አልጋ ውስጥ ተኝቼ፣ አምላጩ እሱ! ለምን ተኛሽ ብባል ደግሞ «እንቅልፍ ጣለኝ» እላለሁ፤ ታግዬ የተሸነፍኩ ይመስል።

ቢሮ ስገባ አነጋገሬ ሌላ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት እየያዘ ሁለት ቀን አስቸገረን። ይህ ሪፖርት ላይ ሲሰፍር «በቴክኒክ እክል ምክንያት ሥራው ተስተጓጉሏል» ሆነ፤ የተቀመጠውም «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» በሚል ርዕስ ሥር ነው። የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ አልክድም። ግን ተግዳሮት ሲባል የሆነ ባላጋራ ሊገዳደረን የመጣ ይመስለኛል። ለተጣጠፈ ወረቀት?

እኔን ቢጠይቁኝ እንቅፋት በቂ ነበር። እንቅፋት የእግርን ጣት የሚመታ ድንጋይ ነው፤ ሳያዩት ይመታል፣ ጣትን አሸት አሸት አድርጎ መሄድ ነው። ጋሬጣ እሾህ ስለሆነ ቆሞ መንቀልን ይጠይቃል። ማነቆ አንገት ይይዛል፤ እሱን ለባሰ ቀን ማስቀመጥ ይሻላል። መሰናክልን ግን ከእንቅፋት ጋር የሚያምታቱት ሰዎች ያናድዱኛል። የ3000 ሜትር መሰናክል ሯጭ 28 ጊዜ መሰናክሉን፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበትን እንደሚዘል አውቆ ነው የሚነሳው። ሥራ መሀል የሚጠፋ መብራት የት እንደቆመ ማን አሳይቶኝ ነው መሰናክል የምለው?

መቋረጥን አልነካሁትም። መንገድ ይቋረጣል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ወሬም ይቋረጣል፤ አቋራጭ ያገኘ ሰው ብቻ ነው በዚህ ግስ የሚደሰተው። እህቴ ደግሞ ወሬ በማቋረጥ የሚተካከላት የለም፤ «አንዴ ላቋርጥሽና» ካለች የኔ ነገር በዚያው ቀረ ማለት ነው።

ትናንት ማታ ይህንን ጽሑፍ በስልክ አነበብኩላት። የእንግዳው ጋ ስደርስ «ቆይ ቆይ፣ ተቆራረጥሽብኝ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የተቆራረጥኩት?» ስላት መስመሩ ጭራሹኑ ጠፋ። እስካሁን አልደወለችም። ባትሪ አልቆባት ይሆናል።